ቡና ለተወው ወጣት

ልጄ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። «ቡና መጠጣት ለክርስቲያን ኃጢአት ነው ወይ?» ብለህ ትጀምርና ወረድ ብለህ የልብህን ትናገራለህ። ለኅሊናህ ስትል ቡና ትተሃል፤ አብረውህ የሚጸልዩት ጓደኞችህ ግን «ጸጋን ያልተረዳ ሕግ አጥባቂ» እያሉ ይስቁብሃል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ቡናን በስም አያነሣም፣ ከልክሎታል የሚልህም ከራሱ ጨምሮ ነው የሚነግርህ። የጓደኞችህ ሣቅ ግን በሐኪምነት ሥራዬ መጀመሪያ ላይ የማውቃትን አንዲት ሴት አስታወሰኝ።

ሌሊት ተረኛ በምንሆንበት ክፍል አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ነበር። እኩለ ሌሊት አልፎ ሥራው ጋብ ሲል ሐኪሙም ነርሱም ዙሪያውን ይሰበሰባል። ስለ ሕመምተኞቻችን የምንማከረው፣ ሰው ሲሞትብን ሐዘናችንን የምንወጣው፣ ጀማሪው ከነባሩ የሚማረው እዚያ ነበር። አንዲት ነባር ነርስ ነበሩ፤ በር ላይ ቆመው አተነፋፈስ በማዳመጥ ብቻ ከተኙት ሕመምተኞች መካከል የትኛው ሊብስበት እንደሆነ ይለያሉ። እንዴት እንደሚያውቁ የነገሩኝ ስኒያቸውን ይዘው ሳሉ ነው። ያን እውቀት በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ብዙ ሕይወትም አትርፎልኛል።

ወደዚህ ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም ተመደበች። ዝምተኛ፣ ሥራዋን አክባሪ፣ በእምነቷ የማታፍር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ሌሊት ቡና ሲቀዳላት «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለች። «ጨጓራ ነው?» ሲሏት፣ «አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ» ብላ መለሰች። ሌላ አልጨመረችም። በማንም አልፈረደችም፣ ማንንም አልሰበከችም።

የክፍሉ ኃላፊ እርሳቸውም ክርስቲያን ነበሩ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ወዲያው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጠቀሱላት፤ ሰውን የሚያረክሰው ከአፍ የሚወጣው እንጂ ወደ አፍ የሚገባው አይደለም የሚለውን። ሁሉም ሣቀ። እርሷም ፈገግ ብላ ወደ ሕመምተኞቿ ሄደች። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ ነገር ግን በየተረኝነቱ ተደጋገመ። አንዱ «ዛሬስ ነጻ ወጣሽ?» ይላታል፤ ሌላው ስኒውን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል። ቀስ በቀስ ወደ ጠረጴዛው መምጣቷን ተወች። ከጠረጴዛው ስትቀር ደግሞ ከምክሩም፣ ከትምህርቱም፣ ሐዘናችንን ከምንካፈልበት ሰዓትም ቀረች። አንድ ሌሊት ሕፃን የሞተባት ጊዜ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። እኛ በሩ ውስጥ ነበርን፤ ፔርሙዙም መካከላችን።

ቀርቤ ላነጋግራት አስብ ነበር። የሮሜን መልእክት ምዕራፍ 14 በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልነግራት የምፈልገውም ከዚያ ነበር። ሥራ ይበዛል፣ ፈረቃ ይለዋወጣል፣ ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ስቆይ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ምክንያቷን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ከሌላ ሰው ነው። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምትናፍቀው ጸሎትን ሳይሆን ቡናን እየሆነ ሄዶ ኖሯል። ይህ አሳፍሯት ተወችው። ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ነገር ግን ምንም ነገር አይሠለጥንብኝም ያለውን እርሷ በሕይወቷ እየሞከረችው ነበር፤ እኛ ደግሞ መጽሐፉን በቃላችን እንይዘው ነበር። ያን ከአንደበቷ ሳልሰማ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጳውሎስ በዚያው በሮሜ ምዕራፍ 14 «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ሲል ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንዳልሰጠ ልብ በል። የሚጠጣውን ሰው የሚያጠምደው ንቀት ነው፤ የማይጠጣውን የሚያጠምደው ፍርድ። ኃላፊያችን የጠቀሱት ጥቅስ እውነት ነበር፤ በቦታውም ነበር። ያም ሆኖ አንዲትን እህት ከወንድሞቿ ማዕድ ለማራቅ አገለገለ። አሁን ተራው የአንተ ነው፤ የሚስቁብህን ሰዎች መንፈሳቸው የደከመ አድርገህ ማየት ከጀመርህ፣ ከቡናው በባሰ ነገር ተይዘሃል።

ታሪኩን ብታውቅ ደግሞ ትረጋጋለህ። ቡናን ሌሊት ነቅቶ ለመጸለያ አስቀድመው ያዋሉት በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች የተባሉ ሙስሊም መናንያን ናቸው። ክርስቲያኖች የጠረጠሩትም በዚሁ ነው። በሮም ከ1592 እስከ 1605 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነበሩት ጳጳስ ቀሌምንጦስ 8ኛ «የሙስሊሞች መጠጥ ነውና ይወገዝ» ተብለው ሲጠየቁ ቀምሰው ወደዱት ተብሎ ይተረካል፤ እኔ እንደ ተረት ነው የምይዘው። የእኛ አገር ታሪክ ግን ተረት አይደለም። ቡና በበቀለበት ምድር ብዙ የኦርቶዶክስ ካህናት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይነቅፉት ነበር፤ ነገሩ የላላው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ረድተዋል። ትናንት «የማን መጠጥ ነው» ተብሎ የተወገዘው ዛሬ በየክርስቲያኑ ቤት ይጠጣል። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶችና ሞርሞኖች ደግሞ በራሳቸው ምክንያት እስከ አሁን እንዲተው ያስተምራሉ። ከማንኛቸውም ጋር መጣላት አያስፈልግህም።

ከሁሉ የምወደው የጆን ዌስሊን ነገር ነው፤ የሜቶዲስቶችን እንቅስቃሴ የመሠረተውን እንግሊዛዊ ሰባኪ ማለቴ ነው። እርሱ የተወው ቡናን ሳይሆን ሻይን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1746 ድሆች ምእመናኑ ለሻይ የሚያወጡትን ገንዘብ፣ ጤናቸውንና ጊዜያቸውን እንዲያተርፉ ፈልጎ መጀመሪያ ራሱ ቆረጠ። የ26 ዓመት ልማድ ነበር። ሦስት ቀን ራሱን አመመው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማስታወስ እንኳ ሊሳነው ደረሰ። በማግሥቱ ተሻለው። ከዓመታት በኋላ ግን በሐኪም ምክር ወደ ሻይ ተመለሰ። አንዳንዶች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ እኔ አላየውም። የተወበት ምክንያት ፍቅር ነበር፣ የተመለሰበትም ምክንያት አሳማኝ ነበር፤ አንተም አንድ ቀን ብትመለስ ማንም ከሃዲ ሊልህ አይገባም።

ስለ እናንተ ዘመን አንድ የሚያሳስበኝን ልናገር። ወጣቶች ለኅሊናችሁ የሚሆን ብይን ከስልክ ትፈልጋላችሁ። አንድ ሰባኪ በአንድ ደቂቃ «ኃጢአት ነው» ይላል፣ ሌላው በአንድ ደቂቃ «አይደለም» ይላል፤ እናንተም የወደዳችሁትን መርጣችሁ ለወንድማችሁ ትልካላችሁ። እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ የተባለው ለሌላ ሰው አእምሮ አደራ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ በእኛ ጊዜ እንደ አንተ ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር ገዝቶኛልን?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አላስታውስም። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ስለዚህ የማንንም ስኒ አትቁጠር፣ ለምን ጠጣህ ወይም ለምን ተውህ ብለህም ሰው አትመርምር፤ በሰውየውና በአምላኩ መካከል ያለ ነገር ነው። ጓደኞችህ ቡና ሲጠጡ ግን አብረህ ተቀመጥ፤ ውኃህን ይዘህ ተቀመጥ። ቢስቁም አትነሣ።

በመጨረሻ ቡና ከተውህ ወዲህ ስለያዘህ ራስ ምታት «ፈተና ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በአንጎል ውስጥ ድካምን የሚያሳውቀውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ድካሙም ሕመሙም አንድ ላይ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ካቆሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። መንፈሳዊ ውጊያ አድርገህ አትቁጠረው፤ ለሚጠጡት ጓደኞችህም ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ቢወስዱ ችግር እንደማያመጣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ማሳወቁን ንገራቸው። ማታ የሚጠጡትን ቢተዉ ግን ለእንቅልፋቸው ይበጃል፤ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አንተም ገና እየተሠቃየህ ከሆነ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ግዴታ አይደለም፤ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ስኒ እየቀነስህ ብትተው እግዚአብሔር አይቀየምህም። ውኃ ጠጣ፣ ተኛ። ሕመሙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ይይህ፤ የሆነውንም ጻፍልኝ።