ከጋራዥ ወደ መኖሪያ፦ የአዌቱ ዳር መሬት ጥያቄና መልስ

ጋራዥ፣ ማደያ ወይም ቡና ማበጠሪያ የነበረ፣ በጅማ ከተማ የአዌቱ ወንዝ ዳር መሬት ላይ ቤት ለመሥራት ለተነሡ ጥያቄዎች የአፈርና የመሠረት ባለሙያው መልስ ሰጥተዋል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው።

የኮቺ ልጅ፦ ኢንጂነር፣ ቀድሞ ጋራዥ የነበረ ቦታ ላይ ጂ+2 ልንሠራ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከአፈሩ። ቦታውን የሚያውቁ የሰፈር ሰዎችን ጠይቁ፤ የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ ነበር? ባትሪ የት ይፈታ ነበር? የተቀበረ ታንከር አለ? እነዚህ ቦታዎች ላይ አስቆፍሩና ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከ50 ሳንቲ ሜትርና ከ1 ሜትር ጥልቀት ለየብቻ ናሙና ውሰዱ። የነዳጁን ናሙና በጠርሙስ ዕቃ ጢም አድርጋችሁ ክደኑት። በፌስታል ከያዛችሁት ቤንዚኑ ተንኖ ያልቅና ቆሻሻው አፈር ንጹሕ ተብሎ ይመለስላችኋል። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረትም ይለካ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ለመኖሪያ ግቢ አፈር የማስጠንቀቂያውን መጠን ከ400 ወደ 200 ሚሊግራም በኪሎ ያወረደው ለሕፃናት ብሎ ነው፤ አፈር የነካ እጁን አፉ የሚከተው ሕፃን ነው። ሳይመረመር ግንባታ የለም።

መንቲና፦ ካሬው ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ደላላ ጠይቅ።

የሄርማታው፦ 1 ሜትር ገረገንቲ ብንደፋበት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የቤንዚን እንፋሎት በገረገንቲው መሐል አልፎ በወለል ስንጥቅ መኝታ ቤት ይገባል። የተበከለው መጀመሪያ ተቆፍሮ ይውጣ፤ የወጣውንም ቦዬ ረግረግ ላይ መድፋት ነውር ነው። ቀጥሎ ዋልካው አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞ ይሰነጠቃል። እሱንም አውጡና ገረገንቲውን 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ በሮለር ጠቅጥቁ። የጥቅጠቃው ውጤት በላብራቶሪ ከተለካው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ ሳይደርስ ሌላ ንጣፍ አይጨመር። አንድ ሜትሩን ባንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ የጠቀጠቀ ሰው የረገጠው ቆዳውን ብቻ ነው፤ ወለሉ ይሰጥማል።

አንድ ግቢ ለብቻው ከፍ ሲል ደግሞ ጎርፉ ጎረቤት ይገባል። የጀርመኗ ሐምቡርግ 157 ሄክታር የወደብ አካባቢዋን ሐፈንሲቲ የተባለ ሰፈር ስታደርግ አዲሶቹን ቤቶችና ዋና ዋና መንገዶች አብራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ያህል ከፍ አደረገች። እዚህም ከፍታው በሰፈር ደረጃ ይወሰን።

ጅሬን፦ ለምን ባሕር ዛፍ አትተክሉበትም? እርጥበቱን ይመጥጠዋል።

ቦሳ፦ ባሕር ዛፍ ቤት ሥር? ዋልካውን አድርቆ መሠረት ያስሰነጥቃል! ቬቲቨር ሣር ይሻላል፣ ሥሩ ጠልቆ ዳርቻውን ይይዛል።

ጅሬን፦ ሣር ጎርፍ አያቆምም።

ቦሳ፦ በጋቢዮን፣ በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ ላይ ተክለህ እየው።

መልስ፦ ስለ ባሕር ዛፉ ቦሳ ልክ ነው። ዳርቻውን ቬቲቨር ይያዘው። እርሳሱን ግን አንዳቸውም አያነሡላችሁም፤ ሳይመረመር ግንባታ የለም።

አዲስ ገቢ፦ የእኛም ቦታ ጋራዥ ነበር። ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፣ አንብበው። ታንከር አለ? ከወንዙ ስንት ሜትር ይርቃል? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

የማበጠሪያው ሰፈር፦ የቡና ገለፈት የተቀበረበትስ?

መልስ፦ ሙልጭ ብሎ ይውጣ። ገለፈት ሲበሰብስ መጠኑ ይቀንሳል፣ በላዩ ያለው ሁሉ ይወርዳል። የታፈነው ደግሞ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል።

አዲስ ገቢ፦ ታንከር አለ፣ ወንዙ 15 ሜትር ነው። የጉድጓዱን ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ እንጠቀም?

መልስ፦ አትጠቀሙ። እርሳስ ሽታም ቀለምም የለውም። ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ጉድጓዱን ክደኑት። ታንከሩን በራሳችሁ እንዳትቆርጡት፤ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው እንፋሎት በብየዳ ፍንጣሪ ተቀጣጥሎ ይፈነዳል።