የነርሷ ድምፅ በጽኑ ሕሙማን ክፍል

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በሥራው እጄ የተፈታ ቢሆንም፣ አንጋፋ ሐኪም ሲሳሳት ባይ እንኳ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም እላለሁ። መናገር መቻል ከሙያ ችሎታ ይቆጠራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእርግጥ ይቆጠራል። ሁኔታን ማስተዋል፣ መወሰን፣ መግባባትና ድካምን መቋቋም ከመድኃኒት ዕውቀት ባልተናነሰ የሕመምተኛን ዕጣ ይወስናሉ። የአቪዬሽን ባለሙያዎች ይህን በመራራ መንገድ ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ የበረራ መሐንዲሱ መንደርደሪያው ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ዋናው አብራሪ ግን መነሣቱን ቀጠለ።

ልቡ ለቆመ ሕመምተኛ «አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም» ሲባሉ፣ ትእዛዙን ጮክ ብለው ይድገሙት፤ ከሰጡም በኋላ «ተሰጥቷል» ይበሉ። የታዘዘውና የተሰማው ካልገጠመ፣ ስሕተቱ መድኃኒቱ ደም ሥር ሳይገባ ይያዛል።

ታላቅን ማክበር ያደግንበት ነው፤ ሆኖም «ዶክተር፣ የደም ግፊቱ ወደ 80 በ50 ወርዷል፤ ይህ የመድኃኒት መጠን ያሳስበኛል» ማለት ክብር አይነካም። ካልተሰሙ ቃሉን ይድገሙት፤ አሁንም ካልተሰሙ የተረኛውን ኃላፊ ሳይዘገዩ ይጥሩ።