ለወጣት ቀዶ ሐኪሞች፦ ኮንሶሉ (የሮቦቱ መቆጣጠሪያ) ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰርን በሮቦት ቀዶ ጥገና ለመሥራት እንደምትጓጉ አውቃለሁ፤ ጉጉታችሁም ደስ ይለኛል። ሮቦቱ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል፣ በጠባብ ዳሌ ውስጥም እንደ አንጓ የሚታጠፍ መሣሪያ ይሰጣችኋል። የት እንደምትቆርጡ ግን አይነግራችሁም። በ2017 የታተመው ሮላር የተሰኘ ጥናት 471 ታካሚዎችን አወዳድሮ ነበር። ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና የተዛወሩት በሮቦት 8.1፣ በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በእጅ በሚሠራ ቀዶ ጥገና) 12.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልደፋም። ስለዚህ አደራዬ ስለ ቅደም ተከተል ነው፦ እያንዳንዱ ደረጃ ምን ሲታይ እንደሚያልቅ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ያ ሳይታይ አትለፉ።

ኤምአርአዩን ራሳችሁ አንብቡ። ዕጢው ከሜሶሬክተም (ሬክተሙን ከከበበው ስብ) ሽፋን 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከቀረበ፣ ስለ ቅድመ ሕክምና ከቡድኑ ጋር ሳትመክሩ ቀን አትቁረጡ።

የፖርቶቹን (መሣሪያዎቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች) ቦታ ሆዱ በጋዝ ከተነፋ በኋላ ለኩ፤ ቀድማችሁ ከለካችሁ ቆዳው ሲወጠር ምልክቱ ይሸሻል። ከቀኝ ታችኛው ሆድ ወደ ግራ የጎድን አጥንት በሚሄድ ሰያፍ መስመር ላይ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር አራርቋቸው፤ ከተቀራረቡ ክንዶቹ ከውጭ ይጋጫሉ። ታካሚው ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ሲያጋድል እንደማይንሸራተት ሮቦቱ ከመያያዙ በፊት አረጋግጡ። እግሮቹ ተሰቅለው ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት የባትን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ሰዓቱን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው መድቡ። ድንገት ደም ቢፈስ ሮቦቱን ማን እንደሚፈታ፣ ማን ሆድ እንደሚከፍትም ቡድኑ አስቀድሞ ይለማመድ።

ወደ ሬክተሙ ደም የሚወስደውን የታችኛውን ሜሰንተሪክ ደም ቅዳ ከመቁረጣችሁ በፊት የግራውን ዩሬተር (ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦ) በዓይናችሁ እዩት። ከአኦርታ 1 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ፤ ነርቮቹ እዚያ ናቸው።

አሁን ዋናው ቦታ፣ ዳሌው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ በ1982 ያሳየን ነገር ዛሬም አልተለወጠም፦ ሬክተሙን ከነሙሉ ሜሶሬክተሙ፣ ሽፋኑን ሳትቀዱ ማውጣት። ከኋላ ጀምሩ። የሮቦቱ ሦስተኛ ክንድ (ይዞ የሚስበው) ሬክተሙን ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲያነሳው የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ስስ ክር ይዘረጋል፤ መንገዱ እሱ ነው። ክሩ ጠፍቶ የተቦጨቀ ቢጫ ስብ ካያችሁ ሜሶሬክተሙ ውስጥ ገብታችኋል። ከአጥንቱ ፊት ሰማያዊ ደም መልስ ከተገለጠ ደግሞ ወደ ኋላ ጠልቃችኋል። በሁለቱም ጊዜ ወደ ፊት አትግፉ፤ ድሩ መጨረሻ ወደታየበት ቦታ ተመለሱና ከዚያ ቀጥሉ። አብዛኞቹ ሮቦቶች የመነካት ስሜት ስለሌላቸው ኃይሉን በዓይን መዝኑ፦ ሕብረ ሕዋሱ ሲነጣ ወይም ሽፋኑ ጫፉ ላይ ሲሰነጠቅ ብዙ ስባችኋል። በስክሪኑ የማይታይ መሣሪያም አታንቀሳቅሱ። ከኋላ በቂ ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ጎኖቹ፣ በመጨረሻም ወደ ፊት እለፉ። በጎን በኩል አጥብቃችሁ ከሳባችሁ የዳሌው ነርቮች ተስበው ወደ መቁረጫው ይመጣሉ፤ የሽንትና የወሲብ ችግር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ስቴፕለር (አንጀቱን እየሰፋ የሚቆርጠው መሣሪያ) ከመተኮሱ በፊት ዕጢው ከመቁረጫው በላይ መሆኑን በጣት ወይም በስኮፕ አረጋግጡ። ተኩሱ ከሁለት ሲበልጥ አንጀቱ ከተጋጠመበት ቦታ የመፍሰስ አደጋው ይጨምራልና አንግሉን በትዕግሥት አስተካክሉ። የደም ዝውውሩን በኢንዶሲያኒን ግሪን (በልዩ ካሜራ የሚያበራ ቀለም)፣ መጋጠሚያውን በአየር ፈትሹ።

ናሙናው (የወጣው ሬክተም) ሳይቆረጥ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሱት፤ ከፓቶሎጂስቱ ጋር አብራችሁ እዩት። ከ5 ሚሊሜትር በላይ የጠለቀ ቀዳዳ ካለ፣ ወይም የአንጀቱ ጡንቻ ከታየ፣ በግልጽ ይመዝገብ። በተከታታይ ናሙናዎች ላይ ጉድለቱ ያው ቦታ ከሆነ ቪዲዮውን ወደዚያ ደቂቃ መልሱትና የሚቆርጠውን መሣሪያ ሳይሆን ሦስተኛውን ክንድ ተመልከቱ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት የያዘበትን ቦታ ለውጧል ወይስ አልለወጠም?