ሳፋውን እሷ ወደመረጠችው ጥግ ውሰዱላት

ከደሴ ሆጤ የፃፍሽልን እህቴ፣ ልጆቹ በጥምቀት ሰሞን ያመጧት ጥንቸል ከፋሲካ ወዲህ ቤቱን በሽንት አገማችው፣ በር ስር ሳፋ አድርገንላት በየቀኑ በበረኪና እናጥበዋለን እሷ ግን ቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው የምትሸናው፣ መድሀኒት አለው ወይ ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ የበሽታ ነገር አይመስለኝም።

መልሱ እኮ እዛው የፃፍሽው ውስጥ አለ፣ በረኪና ያልሽው ላይ። ጥንቸል አንድ ጥግ መርጣ ነው የምትሸናው፣ ጥጉንም የምታውቀው በጠረኑ ነው፣ እናንተ ሳፋውን በመረጣችሁት ቦታ አስቀምጣችሁ ጠረኑን በየቀኑ ስታጠፉባት በምን ታግኘው? እድሜዋም ደርሷል፣ ከ4 እስከ 6 ወር ሲሞላቸው ቦታው የኔ ነው ለማለት እዚም እዛም ጠብ ጠብ ማድረግ ይጀምራሉ።

አሁን አሮጌ የ20 ሊትር ጀሪካን ፈልጊና አስተኝተሽ አንዱን ሰፊ ጎን ቁረጪው፣ መግቢያዋን ዝቅ አድርጊላት፣ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይቧጭራት በደንብ አለስልሺው። ከስር የተቀደደ ካርቶን ከላይ የጤፍ ጭድ አድርጊና እዛው ቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀምጪው። ሽንቷን በወረቀት ጠርገሽ ወረቀቱን ከትንሽ በጠጧ ጋር ጀሪካኑ ውስጥ ተይው። ዋናው ነገር ደሞ የሳር ድርቆሽ በአንዱ ጫፍ አድርጊላት፣ ጥንቸል እየበላች ነው የምትጥለው፣ ምግቧ ኩሽና ሳፋዋ በር ስር ከሆነ አይሆንም። ድርቆሹ ግን ደረቅ ይሁን፣ የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ ሁሉ ነገር ይሻግታል። ለሳምንት ያህል እዛው አካባቢ በጣውላ ምናምን አጥረሽ አቆያት፣ ከለመደች በኋላ ቀስ እያልሽ አስፊላት። የራሰውን በየቀኑ አንሺ፣ ከድሮው ግን አንድ እፍኝ አስቀሪላት። ሌላ ቦታ የሸናችውን በአቼቶና በውሃ አብሺው፣ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለሷም ለልጆቹም ጥሩ አይደለም።

ከአናጢ ቤት የጽድ ሰጋቱራ አምጥታችሁ እንዳታነጥፉላት፣ ሳንባዋን ይጎዳዋል። አንድ ነገር ደሞ ልቆጣ፣ ደሴም ኮምቦልቻም የማየው ነው፣ አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸት። በቃ ተዉት፣ የምትማረው እጃችሁን መፍራት ብቻ ነው።

ደረቋ በጠጥ እዚም እዛም መንጠባጠቧ አይቀርም፣ ጠርገሽ ጎመኑ ስር ድፊው። በ3 ሳምንት ካልተሻሻለች ጾታዋን የእንስሳት ሀኪም ያይልሽ፣ ትንሽ ሆነው ሲሸጡ ሴት ናት የተባለች ስንቷ ወንድ ሆና ተገኝታለች መሰለሽ፣ ወንድ ከሆነ ስለማኮላሸት አማክሪው።