«ታዲያ መንገዱን የት ልሥራው?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የባሕር ዳርቻ መሸርሸርን በካርታና በግራፍ የሚያሳይ ድረ ገጽ፣ ዳሽቦርድ፣ ሠርቼ ለኃላፊዎቹ ሁሉ ሊንኩን ላክሁላቸው። የከፈተው ሰው የለም። ምን ልጨምርበት?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ወጣት ሳለሁ ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን የዳርቻ ጥናት ይዤ አንድ ውሳኔ ሰጪ ቢሮ ገባሁ። ከ200 ገጽ በላይ፣ በጥቁርና ነጭ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ነው። ሰውየው መነጽራቸውን አደረጉና መሃሉን ገለጡ። ግራፉ ወደ ጎን ስለታተመ ጥራዙን አዞሩት፤ መልሰው አዞሩት። ከዚያ እስክሪብቶ አነሱና «ታዲያ መንገዱን የት ልሥራው?» አሉኝ። በቃ፣ ከውሃው ስንት ሜትር ልራቅ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ምሁር ነኛ! ስለ ሞገድ፣ ስለ ደለል፣ ስለ ስሌቱ ውስንነት ማብራራት ጀመርኩ። ባሕሩ ከፍ ሲል ዳርቻው ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚገምተውን የብሩንን ቀመር ሳይቀር አነሳሁባቸው። ቁጥሩ እኮ እጄ ላይ ነበር፤ ቢያንስ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት እችል ነበር፤ ብሳሳትስ ብዬ ፈራሁ። አንዲት ቃል ሳይጽፉ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ።

መንገዱ ውሃው አፍ ላይ ተሠራ። ከዓመታት በኋላ ወጀብ መጥቶ ግማሹን ወሰደው። ሄጄ አየሁት፤ ነጩ የመሃል መስመር እስከ ገደሉ ጫፍ ሄዶ እዚያው ያልቃል። ማንም አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የሚከፋው።

መሣሪያ አልነበረንም እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የሚያነሱት የመሬት ምስል በነጻ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት በገንዘብ ነበር። ዛሬ ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ቡድን በየአምስት ቀኑ መሬቱን 10 ሜትር በ10 ሜትር እያደረገ ያሳያችኋል፤ ኮስትሳት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የዳርቻውን መስመር ከሳተላይት ምስሉ ላይ ራሱ ያወጣዋል። እናንተ ወጣት ተመራማሪዎች ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቁልፍና ቀለም ስትጨምሩ ታድራላችሁ። የእኔ 200 ገጽ ስክሪን ላይ ወጣ እንጂ ምን ተለወጠ? ሰውየው ዛሬም ያለው ያው አንድ ጥያቄ ነው።

አንድ መስመር አስምራችሁ ስጡ እያልኩ ነው። ግን እሱም አቃጥሎኛል። ከመንገዱ ታሪክ በኋላ እልህ ይዞኝ፣ ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃ የሚገባበትን ቦታ በአንድ ቀይ መስመር የሚያሳይ ካርታ ሠራሁ። ሁሉም ወደደው። የመሬቱን ከፍታ የወሰድኩት ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር እ.ኤ.አ. በ2000 ከተለካው ኤስአርቲኤም ከሚባለው መረጃ ነው። ያ ራዳር የዛፍ አናትና የቤት ጣሪያ ሲያገኝ መሬት ነው ብሎ ይመዘግባል። ካርታዬ ደረቅ ነው ያለው ሰፈር፣ ደረቁ ጣሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ይህን ስህተት ሲያርም ለባሕር ውሃ የሚጋለጠው ሕዝብ ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ስለዚህ ሊኖር የሚችለውን ስህተት እንዲያሳይ መስመሩን ወፍራም አድርጉት፤ አንድ መንደር የሚሸፍን ቢሆን እንኳ አትፈሩ።

አንቺ የደወልሽው ልጅ ይህን ካነበብሽ፣ ምንም አትጨምሪበት። ከአንዱ ኃላፊ ጎን ቁጭ ብለሽ በዚህ ወር ምን እንደሚፈርሙ ጠይቂያቸው። እስከዚያ ሊንኩን ለእኔም ላኪልኝ። ስክሪኗ በተሰነጠቀው በዚህች ስልኬ ከተከፈተ እንነጋገራለን።