ማን ምን ተረከበ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቦስተን ነው። እሑድ እሑድ ሲደውል ስለ ቤዝቦል ሳንከራከር ስልኩ አይዘጋም። እሱ ከጄኔራል ማናጀሮች ሁሉ ቴዎ ኤፕስታይን ይበልጣል ይላል፤ ሦስት ዋንጫ አለው። እኔ ደግሞ የኒውዮርክ ያንኪሱ ብራያን ካሽማን አራት አለው እለዋለሁ። የኦክላንዱ ቢሊ ቢን ደግሞ ስሙ ገናና ነው፣ ዋንጫ ግን የለውም። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚመዘኑት በምንድን ነው? አንባቢዎ፣ ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ አብሽር የኔ ወንድም፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። በቤዝቦል ጄኔራል ማናጀር አሰልጣኝ አይደለም። ተጫዋች የሚያስፈርም፣ የሚለውጥ፣ ወጣት የሚመለምል፣ የደመወዙን በጀት የሚያብቃቃ ሰው ነው። ይህ ለእኔ እንግዳ ሥራ አይደለም። ደሴ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ።

መጋዘኑን ስረከብ የሆነውን ልንገርህ። ከእኔ በፊት የነበሩት አዛውንት እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን ካርድ) ሰቅለው ነበር። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ጽሑፍ። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19ም፣ የወጪው ሞዴል 22ም በየወሩ ተጠርዞ ተቀምጧል። በዓመቱ ኦዲተር መጣ። አንድ ብሎን አልጎደለም። የተሸለምኩት እኔ ነኝ። የእሳቸውን ስም ያነሳ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የሰው ሥራ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ርክክቡን ነው።

ካሽማን ቦታውን የያዘው በ1998 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቡድኑ በ1996 ዋንጫ አንስቷል። ጂተር፣ ሪቬራ፣ ፔቲት፣ ፖሳዳ የሚባሉት ተጫዋቾች ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ነበሩ። የ1998፣ የ1999 እና የ2000 ዋንጫዎች በአብዛኛው ከዚያ መጋዘን የወጡ ናቸው። ሳልጠራጠር በእሱ ስም የምመዘግባት የ2009ኟን ነው፤ ሳባቲያንና ቴሼራን በብዙ ገንዘብ አስፈርሞ ያመጣት። ግን የሞላ መጋዘን ተረክቦ አለማጉደልም ቀላል አይደለም። እስከ 2025 ድረስ በእሱ ዘመን ያንኪስ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት ዓመት የለም።

ወንድምህ የሚኮራባት የ2004 ዋንጫም፣ ቦስተን ከ86 ዓመት በኋላ ያገኛት፣ ርክክብ አለባት። ኤፕስታይን በ2002 መጨረሻ፣ በ28 ዓመቱ የቦስተን ጄኔራል ማናጀር ሆኖ ሲሾም ተጫዋቾቹ ፔድሮ ማርቲኔዝ፣ ማኒ ራሚሬዝ፣ ጆኒ ዴመንና ቫሪቴክ እዚያው ነበሩ። ያመጣቸው ከእሱ በፊት ጄኔራል ማናጀር የነበረው፣ ከሥራ የተሰናበተው ዳን ዱኬት ነው። ኤፕስታይን ኦርቲዝንና ሺሊንግን ጨመረበት። ትልቅ ጭማሪ ነው፣ ግን ጭማሪ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ቺካጎ ነው። ኤፕስታይን በ2011 መጨረሻ ወደ ቺካጎው ቡድን ከብስ ሲሄድ የቤዝቦል ክፍሉ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው፤ የጄኔራል ማናጀርነቱን ወንበር የያዘው ጄድ ሆየር ነበር። ሲረከቡት በዚያው ዓመት 91 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው። በ2012 ጭራሽ 101 ጊዜ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ቡድኑን ገደሉት ይል ነበር። እነሱ ግን ሪዞ የሚባለውን ተጫዋች በለውጥ አምጥተዋል። በ2013 ብራያንትን መለመሉ፣ አሪዬታን በለውጥ ወሰዱ። በ2016 ቡድኑ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ 108 ዓመት የጠፋውን ዋንጫም መለሰ። እዚህ ገጽ ላይ ከርክክብ የመጣ ብዙ ነገር አላገኘሁም።

ቢሊ ቢንን በዋንጫ አልመዝነውም። በ2002 ኦክላንድ 40 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደመወዝ ከፍሎ ከዓመቱ 162 መደበኛ ጨዋታ 103ቱን አሸነፈ። ያንኪስ 125 ሚሊዮን አካባቢ አውጥቶ ያሸነፈው ያንኑ 103 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተርህ ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸውና እያቸው። ከ2000 እስከ 2003 ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ ከመጀመሪያው ዙር ጥሎ ማለፍ ወደቀ፤ አራቱንም ጊዜ በአምስተኛው፣ በመጨረሻው ጨዋታ። በአምስት ጨዋታ ዕድል ገብታ ትፈርዳለች። በ162 ጨዋታ ግን ዕድሏ ይሟጠጣል። እርግጥ እሱም ባዶ መጋዘን አልተረከበም። በ1997 ቡድኑ 97 ጊዜ ቢሸነፍም ጂያምቢ፣ ቴሃዳና ቻቬዝ ከእሱ በፊት ገቢ ሆነው ነበር።

ስለዚህ እኔ ኤፕስታይንን አስቀድማለሁ፣ ቀጥሎ ቢንን፣ ከዚያ ካሽማንን። በመጨረሻው ላይ ከወንድምህ ጋር ሆኜብሃለሁ፤ ምክንያታችን ግን አንድ አይደለም። እሑድ ሲደውል ቺካጎን አንሳለት። 2004ን ካነሳብህ ደግሞ ዳን ዱኬት ማን እንደሆነ ጠይቀው።