መልስ፦ የድሮ ርካሽ የኩንግ ፉ ፊልሞች ምናቸው ይወደዳል?

«ታሪኩ ሁሌም በቀል፣ ድምፁም ከአፋቸው ጋር አይገጥም፤ ሰው ምኑን ነው የሚወደው?» ላልከው ወንድሜ፣ በታሪኩ አልከራከርህም። ያው መምህሩ ይገደላል፣ ተማሪው ይበቀላል፣ አለቀ።

ድምፁ ግን ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን ሆንግ ኮንግ ውስጥ አብዛኛው ፊልም ያለ ድምፅ ይቀረጽና ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባበት ነበር። የቡጢው «ጧ!» ሳይቀር የተጨመረ ነው። ወጪም ይቀንሳል፣ በተለያየ ቋንቋም ለመሸጥ ያመቻል።

ዋናው ነገር ድብድቡ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የሚያሳዩህ ሰውነታቸውን ነው። ጃኪ ቻንን ውሰድ። ከልጅነቱ በፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈን፣ ትወናና አክሮባት የሚቀላቀልበት የቻይና ባህላዊ ትያትር) ትምህርት ቤት ሲገለባበጥ ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን የእሱን «ድራንክን ማስተር» ስታይ ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ታየዋለህ። ምቱና መከላከሉ ሳይቆራረጥ ይፈሳል። ዛሬ አንዷ ርግጫ ሦስት ቦታ ተቆርጣ ነው የምትመጣው። ዳይሬክተሩ ዩዌን ዉ ፒንግ በኋላ የሆሊውዱን ፊልም የ«ማትሪክስ»ን ድብድብ ያቀናበረው ሰውዬ ነው።

እኔ ግን ከድብድቡም በላይ ልምምዱን እወዳለሁ። በዚያው ዓመት የወጣው «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» ላይ ተዋናዩ ጎርደን ሊዩ በሻኦሊን፣ ማለትም በኩንግ ፉ በታወቀው የቻይና ገዳም፣ ሲሠለጥን ክንዱ ላይ ስለት ታስሮበት፣ እጁን ዘርግቶ ውሃ ይሸከማል። ክንዱ ዝቅ ካለ ጎኑ ይወጋል!

ሁሉም ጥሩ ነው አልልህም፤ ብዙው አሰልቺ ነው፣ የሽማግሌዎቹ ሰው ሠራሽ ጢምም ያስቃል። በእነዚህ ሁለቱ ጀምርና ካልጣሙህ ተዋቸው።